ታጥቦም ቅርጹን የማይለቅ ኪሮሽ፦ የማጠንከሪያ አመራረጥ

ባሕር ዳር ውስጥ ኪሮሽ ሠርታ የምትሸጥ ሴት ሁሉ አንዲት ጥያቄ ታውቃለች። ገዢው ኮፍያውን ያገላብጣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ብሩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆም ይላል። "ግን ይታጠባል?"

"አዎ፣ እንዴታ!" እንላለን። ውሸት አይደለም፤ መታጠቡማ ይታጠባል። ጥያቄው ታጥቦ ምን ይሆናል የሚለው ነው። በስኳር ውሃ የቆመ ቅርጫት ባልዲ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እንደ ካልሲ ይንጠለጠላል። ታቹ ካርቶን የተደረገበት ቦርሳ ደግሞ ከደረቀ በኋላ ሲያዩት ካርቶኑ ተበጣጥሶ አንድ ጥግ ላይ ተከማችቷል።

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ቶሎ ቶሎ የሚታጠብ ዕቃ ጥንካሬውን ማግኘት ያለበት ከክሩ፣ ከአሠራሩ እና ውስጡ ከሚገባው ነገር ነው። የሚቀባ ማጠንከሪያ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ስታርችን አትንኩ ማለቴ አይደለም፤ የራሱ ቦታ አለው። ቦታው ግን ቦርሳና ኮፍያ አይደለም።

ደረጃ 1፦ አስተጣጠቡን አስቀድማችሁ ወስኑ

ክር ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃው ምን ያህል ጊዜ ውሃ እንደሚያገኘው አስቡ። የትከሻ ቦርሳ፣ የፀሐይ ኮፍያ፣ የሕፃን ጫማ፣ የዳቦ ቅርጫት በየጊዜው ይታጠባሉ። ደግሞም የሚያጥባቸው እናንተ አይደላችሁም። ገዢው ነው፣ ወይም ቤት የምታግዘው ልጅ ናት። ኦሞ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፣ ይታሻሉ፣ ይጨመቃሉ። ይህን ሁሉ እንዲችሉ አድርጋችሁ ሥሩ።

የጠረጴዛ ዳንቴል፣ የቴሌቪዥን ልብስ፣ የሶፋ መደገፊያ ላይ የሚጣለው እና ረከቦት ሥር የሚነጠፈው ደግሞ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ ለበዓል ሲባል ይታጠባሉ። ከታጠቡ በኋላ እንደገና ለማጠንከር ጊዜ አለ። ስታርች ለእነዚህ ነው። የጆሮ ጌጥ፣ የገና ዛፍ ኮከብ፣ የቁልፍ መያዣ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። ኮላና ቨርኒሽ የሚያዋጡት እዚህ ጋ ነው።

ጣና ዳር ስትሠሩ ደግሞ ውሃ የሚመጣው ከባልዲ ብቻ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ስኳር ይህን እርጥበት ይስባል፤ ባይታጠብም ያጣብቃል፣ ጉንዳንም ይጠራል። በስኳር የጠነከረ ነገር ለሽያጭ አታውጡ፤ በበጋም ቢሆን።

የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልስ? የሚል ሰው አይጠፋም። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የባሕር ዳር መልክም አለው። ግን ታንኳ ቀዛፊዎቹን ተመልከቱ፤ ሥራ ሲጨርሱ ታንኳዋን ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሟታል። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ስንደዶና አክርማም ያው ናቸው፤ መሶብ ይወለወላል እንጂ ማን ይዘፈዝፈዋል? ለውበት ከፈለጋችኋቸው ተነቃይ አድርጓቸው። ኪሮሹ ውስጥ ሰፍታችሁ አትዝጉባቸው።

ደረጃ 2፦ ክሩንና መርፌውን አጥብቁ

ግማሹ ጥንካሬ እዚህ ነው፤ ዋጋውም ነፃ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ክሩ ምን እንደሆነ እወቁ። ገበያ ላይ "ሱፍ" ተብሎ ከሚሸጠው ክር አብዛኛው አክሪሊክ ነው። "ጥጥ ነው" የተባለውም ሁሉ ጥጥ አይደለም። ባሕር ዳር ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ጋር ያደገች ከተማ ናት፤ ክር በጣቱ ዳብሶ የሚለይ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ካላገኛችሁ እሳት ይለይላችኋል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ክር ቆርጣችሁ በወረንጦ ይዛችሁ ሻማ ላይ ለኩሱ። ጥጥ ከሆነ ነበልባል ይዞ ይነድዳል፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ የሚተርፈው አመድ በጣት ሲነካ ይበናል። አክሪሊክ፣ ናይለን ወይም ፖሊስተር ከሆነ እየቀለጠ ይሰበሰብና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ስታርች ጥጥን በደንብ ይይዛል፤ አክሪሊክ ላይ ግን ደህና አድርጎ አይዝም፣ ይራገፋል። ጥጥ ካውያ ይችላል። አክሪሊክ ላይ የጋለ ካውያ ወይም ብዙ እንፋሎት ካሳረፋችሁበት ላላ ብሎ ይቀራል፤ ወደነበረበትም አይመለስም። ልታጠነክሩት ስትሉ ገደላችሁት ማለት ነው።

ለቦርሳና ለቅርጫት የምመርጠው ወፍራም የፖሊስተር ወይም የናይለን ገመድ ክር ነው። ውሃ ብዙም አይጠጣም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲታጠብ አይሰበሰብም። ኮፍያ ላይ ግን ጥጥ ይሻላል፤ ናይለን ኮፍያ አድርጎ እኩለ ቀን ላይ ጣና ዳር የቆመ ሰው ያውቀዋል።

ቀጥሎ መርፌው። የክሩ ወረቀት ላይ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ የሚል ከሆነ በ3 ወይም በ2.5 ሥሩ። እጅ ያደክማል፤ ግን ጥልፉ ይጠጋጋል። ክሩ ቀጭን ከሆነ ሁለቱን ደርባችሁ ሥሩ። ለሚቆም ነገር ሁሉ አጭሩን ጥልፍ ተጠቀሙ፤ ክሩን መርፌው ላይ ሳትጠመጥሙ የምትሠሩትን ማለቴ ነው። ረጃጅሙ ጥልፍ ቶሎ ያስጨርሳል፣ ግን ይልፈሰፈሳል።

የመዳፍ ያህል ስትሠሩ ቆም ብላችሁ በአውራ ጣት ግፉት። ጣታችሁ በጥልፎቹ መካከል ካለፈ፣ ምንም ብትቀቡት ቦርሳ አይሆንም። ፍቱትና መርፌ ቀንሱ።

ደረጃ 3፦ ውስጡ የሚገባውን ምረጡ

የቦርሳ ታች

ካርቶን አይገባም። አልቋል። ከእሱ ይልቅ ቢጫውን የዘይት ጀሪካን ፈልጉ፤ የተሰነጠቀና ውሃ የማይዝ ከሆነ እንዲያውም በርካሽ ታገኙታላችሁ። ፕላስቲኩ ውሃ አይጠጣም፣ አይዝግም፣ ቢታጠፍም ቶሎ አይሰበርም። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ጀሪካኑን በፈሳሽ ሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡ። የዘይት ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሙ፤ ሽታ የቀረበት ፕላስቲክ ቦርሳው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሸት ያደርጋል። ሰፊውንና ጠፍጣፋውን ጎን በካተር ቁረጡ። የቦርሳውን ታች ወረቀት ላይ አስምራችሁ ከዙሪያው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቀንሱ፤ ፕላስቲኩን በዚያ ልክ ቁረጡ። ልክክ ብሎ የገባ ፕላስቲክ፣ ጥጡ ሲሰበሰብ፣ መፈናፈኛ ያጣና ይጎብጣል።

ማዕዘኖቹን በሳንቲም ዙሪያ እያሰመራችሁ ክብ አድርጓቸው። ይህችን አትዝለሏት። ሹል የቀረ ማዕዘን በጥቂት ወራት ውስጥ ክሩን በልቶ በቀዳዳው ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ቦርሳው ከታች ነው የሚፈታው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና ጉንጫችሁ ላይ አስኬዱት። ካልቧጠጣችሁ ክሩንም አይቧጥጥም።

አሁን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዙሪያውን በጋለ ምስማር በየ1 ሳንቲ ሜትሩ መብሳትና ገበሩ ላይ መስፋት ነው። ስትበሱ በር ክፈቱ፤ ጭሱ ደግ አይደለም። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ከገበሩ ጨርቅ ፖስታ የመሰለ ኪስ ሰፍቶ ፕላስቲኩን እዚያ ውስጥ ማንሸራተት ነው። ሲታጠብ ይወጣል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ኪሱን በቁልፍ ወይም በሚጣበቅ ሪባን ዝጉት።

የቦርሳ ጎን

ጎኑ እንዲቆም ግን እንዲታጠፍም ትፈልጋላችሁ፤ ጀሪካን እዚህ ይከብዳል። ማዳበሪያ ጥሩ ነው። ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ነው፤ የስኳር ወይም የሩዝ የነበረውን ምረጡ፣ የእውነት ማዳበሪያ የተያዘበትን ለእርሻው ተዉት። ገበሩና ኪሮሹ መካከል አስገብታችሁ ከገበሩ ጋር ስፉት። ጠርዙ እንዳይተረተር ሻማ ላይ ቶሎ ቶሎ አሳልፉት፤ ቅልጥ ብሎ ይያያዛል። ሁለት ጠላት አለው፦ ካውያና ፀሐይ። ካውያ ያቀልጠዋል። ለረጅም ጊዜ ፀሐይ የመታው ማዳበሪያ ደግሞ እየደረቀ ይፈረፈራል። ገበር ውስጥ ከተደበቀ ግን ፀሐይ ብዙም አያገኘው።

ልብስ ሰፊዎች ኮሌታና ወገብ ላይ የሚያስገቡት ጠንከር ያለ ጨርቅም አለ። አንዱ ዓይነት ይሰፋል፣ አንዱ በካውያ ይጣበቃል። ለመታጠብ የሚሰፋው ይበልጣል። የሚጣበቀውን ካገኛችሁ በምንም ተአምር ኪሮሹ ላይ አታጣብቁት፤ ኪሮሽ ቀዳዳ ነው፣ ሙጫው በቀዳዳው ያልፍና ፊት ለፊት ይታያል። የያዘውም ትንሽ ስለሆነ ታጥቦ ይላቀቃል። ገበሩ ላይ አጣብቁት። ከዚያ በፊት ደግሞ ገበሩንም ማጠንከሪያውን ጨርቅም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አድርቋቸው፤ የሚሰበሰበው ሁሉ ከመሰፋቱ በፊት ይሰብሰብ። ይህ ካልሆነ መጀመሪያ ሲታጠብ አንዱ ይሰበሰብና ሌላው ይቀራል፤ ቦርሳው ይኮማተራል።

የኮፍያ ክፈፍ

ሰፊ ክፈፍ ያለው የፀሐይ ኮፍያ ከሁሉም በላይ ያስቸግራል። ስታርች ካደረጋችሁበት አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ሽቦ ካስገባችሁበት ይዝጋል። የተደበቀ ሽቦ ዝገት ነጭ ጥጥ ላይ ቡናማ ቀለበት አድርጎ ይወጣል። በረኪና ያነጣዋል ብላችሁ እንዳትነኩት፤ በረኪና ዝገትን ያባብሰዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ሎሚና ጨው አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሽቦውን ከመጀመሪያው አለማስገባት ነው።

መፍትሔው ሐይቁ ዳር አለ፦ የዓሣ ማስገሪያ ክር። ያ ብርሃን የሚያሳልፈው፣ አንድ ወጥ የሆነው ናይለን ማለቴ ነው። መረብ የሚጠግኑ ዓሣ አስጋሪዎች የት እንደሚገዛ ይነግሯችኋል። የምትፈልጉት ግን ለመረብ የሚሆነውን ቀጭኑን አይደለም፤ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍረውን ነው። ቀጭኑ ክፈፉን አይሸከምም፣ ጥልፉንም ይቆርጣል። ይህ ካጣችሁ የሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚገባው የፕላስቲክ ክር ያው ናይለን ነው፤ ወፈር ስለሚል ለትልቅ ክፈፍ ጥሩ ነው።

ናይለኑ ከጥቅሉ ሲወጣ እንደ ምንጭ ብረት እየተጠቀለለ ያስቸግራል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ንከሩትና ሁለት ሚስማር መካከል ወጥራችሁ ይቀዝቅዝ። ቀጥ ይላል።

ልኩን አውጡ። ክፈፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 36 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 113 ገደማ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ። የመጨረሻውን ዙር ስትሠሩ ናይለኑን ካለፈው ዙር አናት ላይ አጋድማችሁ ጥልፉን በላዩ አሳልፉ፤ እያንዳንዱ ጥልፍ ናይለኑን አቅፎት ያልፋል። ጫፎቹን አትዝጉ። ዙሩ ሲያልቅ ኮፍያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ክፈፉ እየተሞገደ ከሆነ ናይለኑ በዝቷል፤ ሳብ አድርጉት። እንደ ሳህን ወደ ላይ ከተሰበሰበ አንሷል፤ ልቀቁለት። ጠረጴዛው ላይ ተንጣሎ ሲተኛ ያ ነው ልኩ።

አሁን ጫፎቹ። ናይለን ቋጠሮ አይዝም፤ ዛሬ ብትቋጥሩት ነገ ሾልኮ ገዢውን ግንባሩ ላይ ይወጋዋል። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ፈትታችሁ የውስጡን ቀጭን ቱቦ አውጡ። 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ፣ በአልኮል ውስጡን አጽዱ፤ የቀረ ቀለም ካለ ነጩን ኮፍያ ያበላሸዋል። የናይለኑን ሁለት ጫፍ ክብሪት አስነክታችሁ ሹልነታቸውን ግደሉና ከግራና ከቀኝ ቱቦው ውስጥ ክተቷቸው። ቱቦውን ሳትጎትቱ በጥልፍ ሸፍኑ። ይህ ኮፍያ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ለቀቅ ሲያደርጉት ዘርጋ ይላል።

ቅርጫትና ሰፌድ መሳይ ነገሮች

ገመድ አቅፋችሁ ሥሩ። ወፍራም የናይለን ገመድ፣ ልብስ የሚሰጣበት ዓይነት፣ ከታች ጀምሮ እየዞረ፣ ኪሮሹ እያቀፈው ይወጣል። ቃጫ መልኩ ያምራል፣ ግን ወፍራም ገመድ ሲሆን ውስጡ ቶሎ አይደርቅም፤ በክረምት ይሻግታል። ፍራፍሬ ወይም ዳቦ ለሚቀመጥበት አይሆንም።

ስለ ሃይላንድና ስለ ራጅ

የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጦ ማስገባት ተለምዷል። ለቀዝቃዛ ውሃ ምንም አይል። ሙቅ ውሃ ሲነካው ግን ይጣመማል፣ ይሸበሸባል፤ የሚያጥበው ሰው ደግሞ ሙቅ ውሃ አያደርግም ብላችሁ አትተማመኑ። የድሮ የራጅ ፊልም ይበልጠዋል። ስስ ነው፣ ይለመጣል፣ ይመለሳል፤ ለትንሽ ቦርሳና ለመነጽር ማኅደር ተስማሚ ነው። በረኪና ውስጥ ብትዘፈዝፉት ጥቁሩ ሥዕል ይለቅቅና ንጹሕ ፕላስቲኩ ይቀራል። ጓንት አድርጉ፣ ውጭ ሥሩ። የሰው ስምና የሰው ደረት የሰፈረበትን ፊልም እንዳለ ቦርሳ ውስጥ መስፋት ነውር ነው።

ደረጃ 4፦ ለዳንቴል ስታርች

የጠረጴዛ ዳንቴል ስታርቹ ታጥቦ መውጣቱ ጉዳት አይደለም፤ ጥቅም ነው። አቧራውንና ቡና የነካውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ለጥጥ ዳንቴል ከስታርች የተሻለ ነገር አልመክርም።

2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። 2 ኩባያ ውሃ አፍልታችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለስታርች ይተርፈዋል፤ 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መወፈር ይጀምራል። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስል አውርዱት። የስንዴ ዱቄትም ይሠራል፣ ግን ነጩን ዳንቴል ያደበዝዘዋል። ቡላን ለገንፎ ተዉት።

ጣና ዳር ላላችሁ ግን ሩዝ አለላችሁ። ፎገራ ቅርብ ነው፤ ገበያ ላይ የተሰባበረው ሩዝ ከሙሉው ይረክሳል። አንድ እጅ ሩዝ በስምንት እጅ ውሃ እስኪፈርስ ቀቅላችሁ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ አጥልሉት። የሚወርደው ውሃ እንደ ሙቅ የተልባ ውሃ ዝልግልግ ካለ በቂ ነው። የሩዝ ስታርች ለስለስ ያለና አንጸባራቂ ጥንካሬ ይሰጣል፤ እህል ስለሆነ ግን አይቆይም። ሳትጨርሱት በማግሥቱ ይኮመጥጣል፣ ስለዚህ በልኩ አፍሉ።

ዳንቴሉን ታጥቦ እርጥብ እንዳለ ስታርቹ ውስጥ ክተቱት። ጨመቅ አድርጉት፤ አትጠምዝዙት። በፌስታል የተጠቀለለ ሰሌዳ ላይ ዘርግታችሁ ጫፍ ጫፉን በማይዝግ ስፒል ወጥሩ። ከመሃል ወደ ውጭ ሂዱ፤ አንድ ስፒል በዚህ፣ ትይዩውን በዚያ። ጫፉ እንዲሞገድ ከፈለጋችሁ በየሞገዱ ውስጥ የተጠቀለለ ፌስታል ሻጥ አድርጉ። በቀን ብርሃን፣ ነፋስ ባለበት አድርቁ። ማታ አምፑል ሥር አትተዉት፤ ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ ሁሉ ይለጠፍበታል። በክረምት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ካልወጣች ስታርች የማድረጉን ሥራ ለሌላ ቀን አቆዩት። ቀስ እያለ የሚደርቅ ስታርች ይሸታል፣ ነጠብጣብ ሻጋታም ያወጣል።

ደረጃ 5፦ ኮላና ቨርኒሽ

ነጩ የእንጨት ኮላ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ይቀባል። ሲደርቅ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጠንካራ ነው። ተራው ኮላ ግን ውሃ ሲያገኘው መልሶ ይነጣል፣ ይለሰልሳል። የጋለ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ቢቀመጥም ለስለስ ይላል። ጠርሙሱ ላይ ዲ3 የሚል ምልክት ያለበትን ፈልጉ፤ እርጥበት መቋቋሙን የሚናገር ደረጃ ነው። ዲ1 ደረቅ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ብቻ ነው። ዲ3ም ቢሆን በውሃ በቀጠነ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለመዘፍዘፍ አትመኑት። ጠረግ ጠረግ ለሚደረግ ነገር ይሁን። በደንብ እስኪጠና ሳምንት ያህል ሳትነኩት ተዉት።

ከኮላው በላይ በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ቨርኒሽ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ብትቀቡ ውሃን ይበልጥ ይከለክላል። የዘይቱን ቨርኒሽ ነጭ ክር ላይ አታሳርፉ፤ ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆናል። ለጆሮ ጌጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ ግልጹ የጥፍር ቀለም ይበቃል፤ ከሻማና ከከሰል ራቅ ብላችሁ።

የሕፃን ዕቃ ላይ ኮላም ቨርኒሽም አይቀባም። ልጅ ሁሉን ነገር አፉ ውስጥ ይከታል። የሕፃን ጫማ በጠባብ መርፌና በድርብ ክር ብቻ ይቁም።

ደረጃ 6፦ ከመሸጣችሁ በፊት እጠቡት

10 በ10 ሳንቲ ሜትር ናሙና ሥሩ። ክሩ ያው፣ መርፌው ያው፣ ማጠንከሪያው ያው። ልኩን ወረቀት ላይ አስምሩ። ከዚያ ገዢያችሁ እንደሚያጥበው እጠቡት፣ እናንተ እንደምትሳሱለት አይደለም። ኦሞ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ እሹት፣ ጨምቁት፣ ፀሐይ ላይ ስጡት። ሦስት ጊዜ ደጋግሙ።

ወረቀቱ ላይ መልሳችሁ አስቀምጡት። ከተሰበሰበ ምን ያህል? 10 የነበረው 9.5 ከሆነ ለዋናው ሥራ ያን ያህል አስፍታችሁ ጀምሩ። ነጭ ቅርፊት ከወጣበት ኮላው አልያዘም። ከዳር ቡናማ ከታየ የሚዝግ ነገር አለ። አሽትቱት ደግሞ፤ ደርቆም የሚሸት ናሙና ውስጡ ውሃ የያዘ ነገር አለው።

ያለፈውን ናሙና አትጣሉት። ጀርባው ላይ ክሩንና መርፌውን በወረቀት ጽፋችሁ ስፉበትና ገበያ ስትወጡ ያዙት። ቅዳሜ ገበያ ላይ "ይታጠባል?" ያላችሁን ሰው በቃል ከማሳመን፣ ሦስት ጊዜ የታጠበውን ቁራጭ እጁ ላይ አስቀምጡለት።

ከዕቃው ጋር ደግሞ ትንሽ ወረቀት እሰሩ። ለቦርሳ፦ "ታቹን አውጥተው፣ ለብ ባለ ውሃ ይጠቡ። በረኪና አይንካው። ካውያ አይንካው። ጥላ ሥር ተዘርግቶ ይድረቅ።" ለዳንቴል፦ "ከታጠበ በኋላ በስታርች ይወጠር።" ስታርቹን እናንተ በክፍያ እንደምትሠሩላቸው ከጻፋችሁበት፣ በተለይ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ራሱን የቻለ ሥራ ይወጣዋል።